የናስ ክዳኑ አበባ ስላለው ብቻ «የዲከርት ሥራ ነው» ይባላል?

ወንድሜ፣ የላክሃቸውን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። የሠሪው ስም ያልተጻፈበት የፔንሲልቬኒያ (አሜሪካ) ረጅም ጠመንጃ ገዝተሃል። ሰደፉ ላይ ያለው የናስ ሳጥን ጫፉ አበባ ነው። ጥያቄህም «የጠመንጃ ሠሪው የጃኮብ ዲከርት ሥራ ነው ማለት እችላለሁ ወይ?» የሚል ነው። እኔ በፔንሲልቬኒያዋ የላንካስተር ከተማ የተሠራ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ዲከርት ለማለት ግን ገና ነው።

ለማያውቁ አባላት፦ ሳጥኑ የእርሳሱ ጥይት የሚጠቀለልበት ቅባት የነካው ቁራጭ ጨርቅ የሚቀመጥበት ነው። ብዙ ጊዜ አራት ክፍል አለው፤ ክዳኑ፣ ከፊቱ ያለው ጌጥና ሁለቱ የጎን ሳህኖች።

የሳጥኑ መልክ በመጀመሪያ የሚነግርህ የተሠራበትን አካባቢ ነው። አበባው የላንካስተር አንጥረኞች የጋራ ምልክት ነበር። ዲከርት ከ1740 እስከ 1822 የኖረ ትልቅ ባለሙያ ነው፤ አበባው ግን የሱ ብቻ አልነበረም። በከተማው ብዙዎች ሠርተውታል። የሌላው የፔንሲልቬኒያ አካባቢ፣ የቤድፎርድ ሳጥን ቢሆን ቀጭንና ረዘም ያለ ይሆን ነበር።

ሰውየውን የምትፈልገው ከተቀረጹት መስመሮች ነው። ክፍሉን አጨልምና ባትሪ መብራት ከጎን በኩል አብራበት። ያኔ ከላይ ሲታይ የጠፋው ሁሉ ብቅ ይላል። በክዳኑ ዳር ያለውን ዚግዛግ ተመልከት። ሠሪው መቅረጫውን ወደፊት እየገፋ ግራና ቀኝ ሲያወዛውዘው የሚወጣ መስመር ነው። የአንዱ እርምጃ ጥብቅ ነው፣ የሌላው ሰፋ ይላል። ቅጠሎቹ ጫፍ ላይ መቅረጫው እንዴት እንደወጣም እይ፦ ቀስ እያለ ሳስቶ ነው ወይስ ድንገት ተቆርጦ? ይህ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ የአበባውን መልክ የሚኮርጅ ሰው እጁን መቀየር አይሆንለትም።

አንድ ችግር አለ። አንዳንድ ጠመንጃ ሠሪዎች መስመር የመቅረጹን ሥራ ለብር ሠሪ ወይም ለሌላ ቀራጭ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ የአንድ እጅ ሥራ በሁለት ሰዎች ጠመንጃ ላይ ሊገኝ ይችላል። ማወዳደር ያለብህ ስሙ በአፈሙዙ ብረት አናት ላይ ከተቀረጸበት፣ ሳጥኑም ያልተቀየረ ከሆነ ጠመንጃ ጋር ነው። እስከዚያ «ለዲከርት የሚጠጋ» ማለት ይበቃል። ሻጭ ከዚህ አልፎ ዋጋ ከጠየቀህ ማስረጃውን አሳየኝ በለው።

መተኮሻው (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ላይ ያነበብከው «ኬትላንድ» የሚለው ስም አያሳስትህ። ኬትላንድ መተኮሻ የሚሠራና የሚሸጥ የእንግሊዝ ድርጅት ነበር፤ የአሜሪካ ባለሙያዎች ዝግጁውን እየገዙ ይገጥሙት ነበር።

ሦስተኛው ፎቶ ላይ ያየሁት ግን ልቤን አላሳረፈውም። ከታችኛው የጎን ሳህን አጠገብ በእንጨት የተደፈነ ቀዳዳ አለ። የድሮ ሚስማር ቦታ ከሆነ ሳጥኑ ተቀይሯል ወይም ተነስቶ ተመልሷል ማለት ነው። ያኔ የቅርጹ ጥያቄ ስለ ሳጥኑ እንጂ ስለ ጠመንጃው አይሆንም።

እባክህ በፖሊሽ እንዳትነካው። ሁለት መቶ ዓመት የቆየ ስስ መስመር በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ስስ ወረቀት ክዳኑ ላይ አድርገህ በለስላሳ እርሳስ ፈትገው፤ መስመሮቹ ይወጣሉ። ከዚያ ክዳኑን ከፍተህ የውስጡን እንጨት፣ የክዳኑን ጀርባና የተደፈነውን ቀዳዳ በቅርብ አንስተህ ላክልን።