ሽማግሌ ተልኮባችሁ ግራ ለገባችሁ

እህቴ፣ «ወንድማችንን ሲኖትራክ ገጭቶ ገደለብን፤ ባለመኪናው 60,000 ብር አስይዞ ሽማግሌ ላከ፤ እንፈርም ወይስ እንክሰስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ነፍስ ይማር። እኔ የፈረምኩ፣ ይባስ ብሎም ያስፈረምኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

1. ድንኳን ሳይፈርስ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ። ታናሼን በ2009 በአጋሮ መንገድ አይሱዙ ገጨው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ ለክፋት አልመጡም። «ልጁ ላይመለስ ነገር» ብለው 50,000 ብር አቀረቡ። ወረቀቱን ረከቦቱ አጠገብ ዘረጉት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን እኔው ይዤ አስፈረምኳት። ሰማያዊው ቀለም እስከ ማግስቱ አልለቀቃትም። የታናሼ ሚስት ጓዳ ተኝታ ነበር፤ ማንም አልቀሰቀሳትም። እግዜር ሲጠብቀን ነው።

ለምን መሰለሽ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 ካሳ የሚጠይቁት ባል ወይም ሚስት፣ ወላጆችና ተወላጆች ናቸው። ወንድምና እህት የሉበትም። የኔ ፊርማ ዋጋ አልነበረውም፤ የእናቴ ጣት ግን ነበረው። «በእርቅ ጨርሳለች» ተባለና ከክሱ ወጣች። በየወሩ የሚጦራት ታናሼ ነበር። ብሩም ለተዝካር አለቀ።

2. ባለመኪናው «እኔ አልነዳሁም» ይላል። የኛም ብሏል። ሌላ ሰው ቢነዳውም ቁጥር 2081 ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርገዋል። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የካሳው ክስ አብሮ አይወድቅም። ሹፌር፣ ባለቤት፣ ኢንሹራንስ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ክሰሱ።

3. ኢንሹራንስ... ኧረ ተይኝ። የተቀመጠው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሟች ደሞዝተኛ ነበር?» አለኝ። ቡና ጫኝና አውራጅ ነበር አልኩት። «እንግዲህ ማስረጃ የለውማ» ብሎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። አራት ጊዜ አመላለሰኝ። ያኔ በ2005ቱ የተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለአንድ ሰው ሞት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለሷ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መኮፈስ! ከዚያ በላይ ያለው ከባለመኪናው ነው የሚመጣው።

ደሞም የገቢ ወረቀት የለም ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ። ልኩን ማስላት ሲያቅት ዳኛ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ግምት ይወስናል። እኛ አብረውት መጋዘን የሚሠሩ ሦስት ጫኞችን ምስክር አቀረብን። አንደኛው ጆንያ የላጠውን ትከሻ ለዳኛዋ ላሳይ ብሎ ሸሚዙን መፍታት ጀምሮ በስንት መከራ አስቆምነው።

ለሐዘኑስ ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ ስንት መሰለሽ? 1,000 ብር። በ1952 የወጣ ሕግ ነው፤ ያኔ ብር ብር ነበር። ችሎት ላይ ሲነበብ እናቴ ጎኔን ነካ አድርጋ «የምን ነው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

እንደኛ ጅማ ላይ ከከሰሳችሁ ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው። የአማርኛ ማስረጃሽን ቀድመሽ አስተርጉሚ፤ እኔ የነቃሁት ሬጅስትራሩ ደጃፍ ላይ ነው። ጠበቃ ካልቻላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ ድጋፍ ይሰጣል፤ የኛን አቤቱታ እነሱ ናቸው የጻፉት። የትራፊክ ፖሊሱን ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) እና የሆስፒታሉን ማስረጃ ኮፒ አሁኑኑ ያዙ። ይርጋው፣ ማለትም ካሳ ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ነው። ወንጀሉ የረዘመ ይርጋ ካለው እሱ ይሠራል ይላሉ፤ አንቺ ግን በሁለት ዓመቱ ቁጠሪ።

ሚስቱና ሁለቱ ልጆች 186,000 ብር ተፈረደላቸው። ባለመኪናው የከፈለው አይሱዙው በፍርድ አፈፃፀም ሊሸጥበት ሲል ነው። እናቴን አሁን በየወሩ የምጦራት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ነገ ሲመጡ ቡና አፍሉላቸው። ሹፌሩን ይቅር ማለት ከፈለጋችሁ በሉ፣ እሱ ሌላ ነው። ወረቀቱን ግን «ሚስቱ ከሐዘን ትነሳና በጠበቃ ታሳየው» ብላችሁ መልሱላቸው።