የማስተላለፊያ መስመር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ማሳጠር ይቻላል ወይ? ለሚለው ጥያቄ

ጠያቂያችን በሰበታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚገባ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ሥራውን እያጓተተ መሆኑን ጠቅሰው፣ የግምገማው ጊዜ በሕግ ቢያጥር አይሻልም ወይ ብለዋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዚሁ ጥናት ላይ ስለምሠራ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ገምጋሚው መሥሪያ ቤት የጥናት ሪፖርቱ በደረሰው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያጸድቅ፣ በቅድመ ሁኔታ እንዲያጸድቅ ወይም እንዲከለክል ደንግጓል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጋቸውን ሲያሻሽሉ ለሙሉ ጥናት ያስቀመጡት ጣሪያ ሁለት ዓመት መሆኑን ስናይ፣ ከእኛ 15 ቀን ላይ ተቀንሶ የሚገኝ ትርፍ አይታየኝም።

ጊዜውን የሚበላው ሪፖርቱ ለእርምት መመላለሱ ነው። በደጋ ስለሚያልፍ መስመር በተጻፈ ሰነድ ውስጥ የቆላ ዛፎች ዝርዝር አንብቤአለሁ፤ ከሌላ ፕሮጀክት ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተለወጠ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰነድ የመለሰ ባለሙያ ሥራ አጓተተ መባል የለበትም።

ከዚህም የሚከፋው የሕዝብ ምክክሩ መስመሩ የሚያልፍበት ቦታ ከተወሰነ በኋላ ለፊርማ ያህል መደረጉ ነው። ከሰበታ ወጣ ብሎ በጥር ወር በተደረገ አንድ ምክክር ላይ፣ ቀያሾቹ ደረቅ የግጦሽ መሬት ብለው ምሰሶ ያሰፈሩበትን ሜዳ አንድ አዛውንት በዱላቸው እያሳዩ «ሐምሌ ላይ እዚህ ከብት እንኳ አናስገባም፤ ይሰምጣል» አሉ። ያን ጊዜ ምሰሶዎቹን ማዛወር የሥዕል ሥራ ብቻ ነበር፤ የመሠረት ቁፋሮው ተጀምሮ ቢሆን ግን ሌላ ውል፣ ሌላ የካሳ ግምት ይጠይቅ ነበር። በዚያው ስብሰባ የባህር ዛፍ ጉዳይም ተነሣ። ከመስመሩ ሥር ረጅም ዛፍ ስለማይፈቀድ ገበሬው የሚያጣው የቆመውን ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ጉቶው እያቆጠቆጠ በየጥቂት ዓመቱ የሚሰጠውን ምርትም ጭምር ነው። ይህ በጥናቱ ካልተመለሰ፣ ማሽን ከቆመና ተቋራጩ የመዘግየት ክፍያ መጠየቅ ከጀመረ በኋላ የወሰን ማስከበር ችግር ሆኖ ይመጣል፤ ያኔ ሁሉም ሰው «አካባቢ ጥበቃ አዘገየን» ይላል።

እርግጥ ማጠር የሚገባው አለ። በነባር ማከፋፈያ ጣቢያ አጥር ውስጥ ለሚደረግ ማስፋፊያ እንደ አዲስ መስመር ሙሉ ጥናት መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ አሮጌ ትራንስፎርመር የሚነሣ ከሆነ ግን ዘይቱ ፒሲቢ የተባለው መርዛማ ኬሚካል እንዳለበት መመርመር አይቀርም። አበዳሪ ባለበት ፕሮጀክትም ለመንግሥት አንድ፣ ለአበዳሪው ሌላ ጥናት ከሚሠራ፣ ከመነሻው ሁለቱንም የሚያሟላ አንድ ሰነድ ቢዘጋጅ ወራት ይተርፋሉ።

ለእርስዎ መስመር ግን የምመክረው ይህን ነው። ከኦሮሚያ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሻገር ጉዳዩ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የጥናቱን ወሰን በጽሑፍ አስቀድመው ያስማሙት። ሰበታ በ2015 በተመሠረተው ሸገር ከተማ ሥር ስለገባች የይዞታ መረጃውን ከአዲሱ አስተዳደር ጋር ያመሳክሩ። ቀያሾችዎም አማራጭ መስመሮቹን ይዘው ችካል ሳይተክሉ ቀበሌ ይውረዱ፤ ቢቻል በክረምት።