ከጨለንቆ ወዲህ፦ የፈረሰውና የጸናው

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ሲሆን የእናቴ ቤተሰቦች በግንብ በታጠረችው በጥንታዊቷ የሐረር ከተማ በጀጎል ውስጥ የሚኖሩ ሐረሪዎች ናቸው። በዒድ ሰሞን አያቴ ቤት ተሰብስበን ሳለ ነደባዎቹ፣ ማለትም የሳሎኑ መቀመጫ መደቦች፣ ለምን ቀይ እንደሚቀቡ ጠየቅን። አጎቴም በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው አለን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን የጥንቱ ባህል በ1879 ዓ.ም. ከሐረሩ ገዢ ከአሚሩ ጋር አብቅቷል፤ ዛሬ የጥንት ነው የሚባለው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው ሲል ተከራከረኝ። አሁን ከወንድሞቼ ጋር ድሬዳዋ ላይ ለእናታችን ቤት እየሠራን ነው። እናቴ ሳሎኑ ነደባ እንዲኖረው ትፈልጋለች፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከጀጎል ውጭ የሚሠራ ነደባ ለቱሪስት ማሳያ እንጂ ባህል አይሆንም ይላል። ለመሆኑ አንድ ሕዝብ ከተሸነፈ በኋላ ባህሉ ቀጥሏል የሚባለው ምን ሲሆን ነው? (አንዲት አንባቢ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ከቀዩ ቀለም እንነሳ፤ የክርክሩ ቋጠሮ ያለው እዚያው ነውና። የነደባው አሠራር ከጨለንቆ በፊት የነበረ ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩት አምስት መደቦች እያንዳንዳቸው ስምና ባለቤት አላቸው። የቤቱ አባወራ በሩን ፊት ለፊት እያየ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፣ እንግዳና ዘመድ የሚሰበሰብበት ሰፊው ጊዲር ነደባ፣ ከዚያም ሌሎቹ እንደየማዕረጋቸው ይከተላሉ። አንድ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚመርጠው በዕድሜው፣ በዝምድናውና በመጣበት ጉዳይ ነው፤ በቤቱ ያደገ ልጅም ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የቀዩ ቀለም ትርጉም ግን ሌላ ነገር ነው። መደቡ የሚቀባበት ቀይ አፈር መቼም ይቀባ መቼ፣ «ይህ የጨለንቆ ደም ነው» የሚለው አባባል ከጨለንቆ ሊቀድም አይችልም። ስለዚህ አያትዎ ቤት ያዩት ከሽንፈቱ በፊት የነበረ ቅርጽ ከሽንፈቱ በኋላ የመጣ ትርጉም ተሸክሞ ነው። ባልደረባዎ ትርጉሙ አዲስ መሆኑን ብቻ አይተው ቅርጹንም አዲስ አደረጉት፤ አጎትዎ ደግሞ ትርጉሙን ይዘው የቅርጹን ዕድሜ ዘነጉት። በእኔ እምነት ሽንፈቱን በየዕለቱ በሚቀመጡበት መደብ ላይ ማስታወስ ራሱ የሐረሪዎች ትልቅ የባህል ሥራ ነው፤ ዕድሜው ማነሱም ክብሩን አይቀንሰውም።

በ1879 ዓ.ም. የሆነውን ለመረዳት ሐረር ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ኃይል እጅ እንዳልወደቀች ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1868 ዓ.ም. በራኡፍ ፓሻ የተመራ የግብፅ ጦር ከተማዋን ይዞ አሚር ሙሐመድን ገድሏል፤ ግብፆቹም ለአሥር ዓመት ያህል ገዝተዋታል። እነርሱ በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ ሥልጣኑ ለአሚሩ ልጅ ለአሚር አብዱላሂ ተመለሰ። አብዱላሂ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ በንጉሥ ምኒልክ ጦር ተሸነፉ፤ አስተዳደሩም ኋላ ራስ ለተባሉት ለመኮንን ተሰጠ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የዘለቀው የአሚሮቹ ሥርወ መንግሥት በዚሁ አከተመ።

ቶሎ የፈረሰው በአሚሩ እጅ የነበረው ሁሉ ነው። አሚሮቹ በስማቸው ያስመቱት የነበረው መሐለቅ የተባለው ሳንቲም፣ የከተማዋ በሮች ጥበቃ፣ ከነጋዴው የሚሰበሰበው ቀረጥ፣ የፍርድ አደባባዩ፣ እነዚህ ሁሉ ወዲያው ባለቤት ለወጡ። በፈረስ መጋላ የነበረው መስጊድ ቀርቶ በስፍራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ይህም በሐረሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚታወስ ጥልቅ ሐዘን ነው፤ አለመጥቀስም አይገባም። ከግንቡ ውጭ ያለው የእርሻ መሬትና በላዩ የሚኖረው አብዛኛው ኦሮሞ የሆነ ገበሬ ለዘማች ወታደሮችና ለሹማምንት ተደለደለ፤ ገበሬውም ገባር ሆነ። ወረራ ብለን ስናወራ ዓይናችን ግንቡ ላይ ይቀራል እንጂ ከባዱን ሸክም የተሸከመው ከግንቡ ውጭ ያለው ሰው ነበር።

ባልደረባዎ የሳቱት ከአሚሩ እጅ ውጭ የነበረውን ነው። በሐረሪዎች ኑሮ ውስጥ ቤተ ዘመዱ፣ የልብ ወዳጁ፣ ጎረቤቱና አፎቻው ሰውን ከልደት እስከ ቀብር ይዘውት የሚኖሩ ማሰሪያዎች ናቸው። አፎቻን የማያውቅ አንባቢ ዕድርን ቢያስብ ብዙም አይሳሳትም፤ ግን አፎቻ ከዕድር ይልቅ ወደ ሰው ኑሮ ጠልቆ የሚገባ ነው። የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹም ለብቻ ሆኖ ሰርግንና ሐዘንን ያካሂዳል። ሞት ሲሰማ የሴቶቹ አፎቻ ወደ ሐዘንተኛዋ ቤት ይሄዳል፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውም ይታወቃል፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያስወቅሳል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የአሚሩ ማኅተም አላስፈለገም፤ በኋላም የራስ መኮንን ፈቃድ አላስፈለገም። ሴቶቹ በሚሰበሰቡበት ጊዜ የሚነገረው ሐረርኛ ነው፤ ሙሽራዋ የምትዳረው በዚያው ቋንቋ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት ከማን ለማን እንደተሰጠ የሚተረከውም በእርሱው ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማዋ ገብቶ ቃላቱንና ሰዋስውን የመዘገበለት ቋንቋ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሳይከፈትለት ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋነት የበቃው በዚህ መንገድ ነው። የጋብቻና የውርስ ጉዳይም በእስልምና ሕግ ዳኞች በቃዲዎች ዘንድ ሲታይ ቆይቶ በ1936 ዓ.ም. በመንግሥት አዋጅ መታወቂያ አግኝቷል።

ስለዚህ «ባህሉ ቀጠለ ወይስ ጠፋ?» ከሚለው ይልቅ «ማን ይዞት ነበር?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። ይህ በሐረር ብቻ የታየ አይደለም። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓረብ ጦር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግብፅንም ፋርስንም ያዘ። ግብፅ ውስጥ ጽሕፈት ቤቱ ለስድሳ ዓመት ያህል በአመዛኙ በግሪክኛ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዓረብኛ እንዲሆን ታዘዘ። ከዚያ ወዲያ እንጀራ የሚገኘው በዓረብኛ ሆነና የአገሩ ክርስቲያኖች የሆኑት ቅብጦቹም ለሹመትና ለጸሐፊነት ተማሩት፤ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያናቸው ሊቃውንት ሃይማኖታቸውን ራሱን በዓረብኛ ይጽፉ ጀመር። እኛ ለዘመናት የተዳኘንበት ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የቅብጥ ሊቅ በዓረብኛ ያዘጋጀው፣ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። ቅብጥኛ ከገበያና ከቤት ወጥቶ በቅዳሴው ተወሰነ፤ ሃይማኖቱን የያዙት ግን ያዙት። ፋርሶች በተቃራኒው ሃይማኖታቸውን ለውጠው ቋንቋቸውን አስቀሩ፤ በዓረብ ፊደል ጻፉት፣ ቅኔያቸውን ቀጠሉበት፣ የዘመን መለወጫቸውን ኖውሩዝንም ዛሬ ድረስ ያከብራሉ። አሸናፊው አንድ፣ ዘመኑም አንድ ሆኖ ሳለ የተረፈው ነገር እንዲህ ተለያየ፤ ምክንያቱም ቋንቋውንና ሃይማኖቱን የያዙት ሰዎችና ተቋማት በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት አልነበሩም። ሐረሪዎች ሃይማኖታቸውንም ቋንቋቸውንም ይዘው ቀሩ፤ የተነጠቁት መንግሥታቸውንና ብዙውን መሬታቸውን ነው።

ይህ ማለት ግን ጀጎል ሳትነካ ኖረች ማለት አይደለም። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የህንድ ነጋዴዎች ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶችን ሠሩ፤ ሐረሪዎችም ያንን አይተው ከራሳቸው አሠራር ጋር አዋሃዱት። ዛሬ «የጥንት የሐረር ቤት» ተብሎ ፎቶግራፍ ከሚነሳው ውስጥ የዚያ ውህደት ውጤት የሆነ አለ። ከአምስቱ የጥንት በሮች ሌላ ወደ አዲሱ ከተማ የሚያወጣ ስድስተኛ በር ተከፈተ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ተራራውን መውጣት ስላልተመቸው ከሥር ቆመ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች። በእኔ ግምት ለሐረር ነጋዴ ከጨለንቆ ያላነሰ ድንጋጤ ይህ ነበር፤ ከዘይላ ወደብ በግመል ይመጣ የነበረው ንግድ ወደ ቆላው ወርዶ ከቅጥሩ ራቀ፤ ነጋዴውም ተከትሎት ወረደ። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ ከተባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ በኋላ የደረሰው እስራት ብዙ ሐረሪዎችን ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ አሰደደ፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በከተማዋ የቀረው ሐረሪ የሚያከራየው ቤትም ከእጁ ወጣ። የእናትዎ ቤተሰብ ክፍል ድሬዳዋ የሚገኘው ከእነዚህ በአንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ እናትዎን ይጠይቋቸው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ወንድምዎ የፈሩት የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ለእንግዳ ማሳያ ብቻ የሚሠራ ሳሎን በሆቴሎችም ይታያል። ነገር ግን ነደባውን ከማሳያ የሚለየው የሚገኝበት ከተማ ወይም የተሠራበት ሲሚንቶ አይደለም። እናትዎ ድሬዳዋ ላይ አፎቻ ካላቸውና ሴቶቹ ለሐዘንም ለደስታም የሚመጡ ከሆነ፣ ያ ሳሎን እንደ አያትዎ ሳሎን ያለ ነው። እንግዲያውስ ለግንበኛው የሚሰጠው ትእዛዝ ከዚህ ይነሳ፦ ጊዲር ነደባው ለፎቶ የሚያምር ሳይሆን የአፎቻው ሴቶች ተጠጋግተው የሚቀመጡበት ስፋት ይኑረው፤ የአምስቱንም ስምና ማን የት እንደሚቀመጥ አያትዎ በሕይወት ሳሉ ልጆቹ ከአፋቸው ይስሙ። ቀዩን ቀለም በተመለከተ፣ የአጎትዎን ትርጉም ከተቀበላችሁት ቀቡት።

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ ከራስ መኮንን ጋር ወደ ሐረር ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ። አያቴም አባቴም እኔም እዚሁ ተወልደናል። ስለ ድል አድራጊዎች ባህል መለወጥ ግን የሚጽፍ አላየሁም። የእኛስ ባህል የሸዋ ነው ወይስ የሐረር? (የዓምዱ ተከታታይ፣ ከሐረር)

መልስ፦ አቶ ጠያቂ፣ ያመጡት ጥያቄ ከላይኛው ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ አሳጥሬ እመልሳለሁ። ቅድመ አያትዎ ሲመጡ ጫት በክርስቲያኑ ዘንድ የሙስሊም ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ዛሬ በሐረር የአማርኛ ተናጋሪው ቤት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢም እንዲሁ ከአካባቢው ሰው የተወረሰ ነው። ገበያ ወርዶ በኦሮምኛ የማይከራከር የሐረር አማራ ጥቂት ነው። በተቃራኒው ራስ መኮንን ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ከሸዋ የመጣ ሃይማኖት በዚህ ምድር ሥር የሰደደበት ሲሆን፣ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ስለት ይዘው ከሚወጡት መካከል ሙስሊሞችም ይገኙበታል።

ቅድመ አያትዎ በወታደርነታቸው ያገኙት መሬትና ገባር ከነበረ፣ እርሱ በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አብቅቷል፤ ብዙዎቹም በዚያን ጊዜ ከአካባቢው ሄደዋል። የእርስዎ ቤተሰብ የቀረው ሌላ ነገር ስለነበረው ነው፤ ሱቅ ይሁን፣ መምህርነት ይሁን፣ ወይም በሐዘን ጊዜ ደጃቸው የሚቆም ሙስሊም ጎረቤት ይሁን፣ አባትዎን ጠይቀው ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ለጥያቄዎ የእኔ መልስ የሐረር ነው የሚል ነው።