ቢግል ወይስ ፖይንተር? ሐዋሳ ላይ ውሻ ልትወስድ ላሰበችው እህት

እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ግልጽ ነው። ሐዋሳ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች፣ ጥቂት ዶሮዎች፣ ለመስክ ሥራ የሚመላለስ ባለቤት። ከሁለቱ የአደን ውሻ ዘሮች፣ ከቢግልና ከጀርመን ፖይንተር፣ የቱን እንውሰድ ነው ጥያቄሽ። ቢግል ውሰዱ። ግን የአጥራችሁ ሥር ሳይዘጋ ቡችላው ግቢ እንዳይገባ።

1. ሩጫው። ፖይንተር ቀኑን ሙሉ ሜዳ እያሰሰ ወፍ እንዲያገኝ ተብሎ የተራባ ዘር ነው። ወንዱ ከ25 እስከ 32 ኪሎ ይመዝናል፤ ካደገ በኋላ በየቀኑ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት እንደ ልቡ መሮጥ አለበት። በማሰሪያ ይዞት እስከ ሱቅ ደርሶ መመለስ ለእሱ ምንም አይደለም። የሐዋሳ ፀሐይ ቶሎ ስለሚበረታ ሩጫው ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ተጀምሮ ሳይሞቅ ማለቅ ይኖርበታል። በየማለዳው ወደ ታቦር ተራራ የሚያወጣው ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ሳይክል እየነዱ ማስሮጡም ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አይሆንም፣ መገጣጠሚያው ይጎዳል። ባለቤትሽ መስክ ሲወጣ ይህን ማን ይሠራል?

ቢግል ከ9 እስከ 14 ኪሎ ነው። የአንድ ሰዓት የእግር ጉዞና አፍንጫውን የሚያሠራ ጨዋታ ይበቃዋል። የተቀቀለ ጉበት በሲባጎ አስራችሁ ግቢው ውስጥ ሠላሳ ሜትር ያህል መሬት ለመሬት ጎትቱት፣ መጨረሻው ላይ ደብቁት፣ ከዚያ ውሻውን ልቀቁት። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ፣ የሽታውን መንገድ እጥፋት ሳይስት ተከትሎ ያገኘዋል። ልጆቹ ራሳቸው ሊያዘጋጁለት ይችላሉ፤ ከሩጫ የማይተናነስ ድካም ያደክመዋል።

2. አጥሩ። ፖይንተርን ከ2 ሜትር ያነሰ አጥር አይመልሰውም። ቢግል ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቆፍሮ ነው። ከቆርቆሮው ሥር ዝናብ የሸረሸረውን ቦታ ያገኝና ያሰፋዋል፤ ሲሾልክ የቆርቆሮው ጠርዝ ጀርባውንና ጆሮውን ይተለትለዋል። ዙሪያውን ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አስቆፍረሽ የሽቦ መረብ አስቀብሪ፣ ወይም ድንጋይ አስደርድረሽ በስሚንቶ አስይዢው። የውጭውን በር ሥር ክፍተት አትርሺ። ቢግል ሽታ ከያዘ ስሙን ብትጠሪው አይሰማም፣ የሚመጣውንም ባጃጅ አያይም፤ ስለዚህ ከግቢ ውጪ ማሰሪያው አይፈታም። አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ አካባቢ፣ ከወሰዳችሁት ደግሞ ማሰሪያውን አሳጥሩ፤ የዓሣ አጥንት ወይም የተጣለ መንጠቆ ከዋጠ ሆዱን እስከ መቀደድ ሊያደርሰው ይችላል። ዶሮዎቹን ሁለቱም ዘሮች ያባርራሉ። አብሯቸው ስላደገ አይነካቸውም የሚሉሽን አትመኚ፤ በሽቦ የተከለለ የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው።

3. ሰንሰለቱ። ብዙ ቤተሰብ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ልማዳችን ውሻን ቀን አስሮ ማታ መልቀቅ ነው። ፖይንተር ደግሞ ከአዳኙ ጎን ሳይለይ እንዲሠራ የተራባ ነው። ሲታሰር መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ባለበት መሽከርከር ይጀምራል፣ ከዚያ የፊት እግሩን ቆዳው እስኪላጥ ይልሳል። ማታ ሲለቀቅ በደስታ ብዛት ልጁን ገፍትሮ ይጥላል። ባለቤቱ "ባለጌ ሆነ" ብሎ ሰንሰለቱን ያሳጥርበታል፤ የባሰ ይሆናል። መጨረሻው በርካሽ መሸጥ ወይም መንገድ ላይ መጣል ነው። ይህን ሁሉ ያመጣው ሰንሰለቱ ሆኖ ሳለ ዘሩ ስም ሲወጣለት መስማት ያሳዝናል።

ቢግልም ብቻውን ታስሮ ከዋለ ያላዝናል። ድምፁ ረጅም ነው፣ ሩቅ ይሰማል፤ የውሻ ማላዘንን በክፉ የሚያይ ጎረቤት ደግሞ አይጠፋም። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ብቻውን መሆንን አልምዱት፦ አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ግማሽ ሰዓት፣ የሚያኝከውን ነገር እየሰጣችሁ። ማታ በር ባለው ክፍል ይደር፤ በከተማው ዳር ጅብ አለ።

ዘብ የሚሆን ውሻ ከሆነ የምትፈልጉት ሁለቱንም ተዉአቸው። የአበሻ ውሻ ለአየሩም ለሥራውም ይበልጣል፣ መናቁ ፈጽሞ አይገባውም። ባለቤትሽ ለጅግራ ይዘነው እንወጣለን ማለቱን ደግሞ አንብቤያለሁ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነውና ለዚህ ብላችሁ ፖይንተር አትግዙ።

ምግብ ላይ ቢግል ጠግቦ አያውቅም። ለምኖ፣ ሰርቆ፣ ቆሻሻ ገልብጦ ይበላል፤ ቶሎ ይወፍራል፣ ወገቡም ይታመማል። በቀን ሁለቴ፣ ተለክቶ ይሰጠው፤ ጎኑን ስትዳስሺው የጎድን አጥንቶቹ ከእጅሽ ሥር ካልተሰሙሽ ቀንሺ። ሲበላ ልጆች አይጠጉት። የወጥ ትርፍራፊ ይቅርበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዱታል። ከሁሉ አደገኛው የበዓል በግ ሲታረድ የሚጣልለት ጥሬ ሳንባና ጉበት ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውስጡ የትል እጭ አለ። እጩ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባና ከዓመታት በኋላ ጉበታቸው ላይ እንደዚያው ያለ ከረጢት ይሠራል። የቋጠረውን አቃጥሉት ወይም በጥልቀት ቅበሩት፤ ደህናውን አብስላችሁ ስጡት። ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ይዋጥ።

የተንጠለጠለው ጆሮው ቶሎ ይቆስላል፤ በየሳምንቱ ገልጣችሁ አሽትቱት። ከሸተተ ወይም ቡናማ ኩክ ከበዛበት ሐኪም ጋ ውሰዱት እንጂ በኩክ ማውጫ አትጎርጉሩት። መዥገር ከጆሮው እጥፋትና ከጣቶቹ መካከል ልቀሙለት፤ ለከብት የሚረጨውን በግምት በጥብጦ መቀባት ውሻ ይገድላል። ትኩሳት፣ ምግብ መተው፣ የድድ መንጣት ወይም ነስር ካያችሁ ከመዥገር የመጣ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር የደም ምርመራ ይፈልጋል።

ሻጮች "ንጹህ ዘር" ማለት ይወዳሉ። ቡችላውን ከእናቱ ጋር ካላሳዩሽ አትክፈይ፤ 8 ሳምንት ሳይሞላውም አትውሰጂ፣ ቀድሞ የተለየ ቡችላ መንከሱን መቆጣጠር ሳይማር ነው የሚመጣው። የቢግል የጅራት ጫፍ ነጭ መሆን አለበት። ፖይንተር ነው ተብሎ የቀረበልሽ ቡናማ ቡችላ አፍንጫው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሌላ ዘር ተቀላቅሎበታል፤ የቡናማው አፍንጫ ቡናማ ነው።

"ክትባቱን ጨርሷል" ቢሉሽ ካርዱን ተቀበይና ቀኑን ከዕድሜው ጋር አስተያዪ። ቡችላን የሚገድሉት የዲስቴምፐርና የፓርቮ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመርና እስከ 16 ሳምንት በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ይደገማል፤ የ8 ሳምንት ቡችላ ጨርሷል ማለት ሐሰት ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ስላለበት ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ሳጥን ሲወጣ ዓይንሽ ይይ፤ ከኪስ የወጣ ብልቃጥ ከሆነ አታስወጊው።