ከሐረጎ ወዲህና ወዲያ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲገለጥ ደብዳቤዎቻችሁ ሁሉ ስለ ሽርሽር ሆኑ። እሑድ የት እንዋል፣ ልጆቹን ምን እናሳያቸው፣ እንግዳ መጥቶብናልና የት እንውሰደው የሚሉ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ፣ የረዘሙትን አሳጥሬ መልሱን እነሆ።

ጥያቄ፦ አንዲት የኮምቦልቻ ነዋሪ የባቲ ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል ጠይቃለች።

መልስ፦ ሰኞ። ግመሎቹንና ከአፋር የሚመጡትን ነጋዴዎች ለማየት በጠዋት ድረሺ፤ ፎቶ ከማንሳትሽ በፊትም አስፈቅጂ።

ጥያቄ፦ አንድ የባንክ ሠራተኛ በዝውውር ደሴ ከገባ ወዲህ እሑድ እሑድ ከካፌ ካፌ ከመዞር ሌላ የሚያደርገው እንዳጣ ጽፏል። «ደሴ ለላሊበላ መንገደኛ ማደሪያ ከመሆን በቀር ምን አላት?» ይላል።

መልስ፦ ከአዲስ መጪ ሲሆን አይከፋኝም። የሚከፋኝ ሸዋ በርና ሆጤ ተወልደው ያደጉ ልጆች ይህንኑ ሲሉ ስሰማ ነው። ስለዚህ መልሱ ለአንተም ለእነርሱም ይሁን።

መጀመሪያ ቀና በል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ የተገተረው ተራራ ጦሳ ነው። እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ውኃ ይዘህ በእግርህ ውጣው። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ ያጋጥሙሃል፤ መንገዱ ጠባብ ነውና ዳር ይዘህ አሳልፋቸው። ትንሽ ከፍ ስትል የቅዳሴው ድምፅና የመኪናው ጡሩንባ ተደባልቆ ከታች ይደርስሃል፤ ከዚያም በላይ ስትወጣ ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ከላይ ሆነህ ወደ ምሥራቅ ተመልከት። ደሴ የተኛችበት ጎድጓዳ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። የኢትዮጵያ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ነን፤ መሬቱ በትላልቅ ስንጥቆች ተቆራርጦ እንደ ደረጃ እየሰመጠ ወርዷል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብቻ አለ። ጠዋት ደሴ ላይ ጃኬት ደርቦ የተሳፈረ ሰው የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲወርድ አውልቆ በክንዱ የሚይዘው ለዚህ ነው።

ሐይቆቹም የዚሁ ስብራት ልጆች ናቸው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን ሐይቅ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዓሣ ተበልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ማታ ይመለሳል። አርዲቦን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? ከሐይቅ ከፍ ብሎ ከኮረብታዎቹ ጀርባ ያለ፣ ውኃውን በአንከርካ ወንዝ ወደ ታች የሚልክ ውብ ሐይቅ ነው። ታችኛው ሐይቅ ደግሞ በምድር ገጽ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የተላከለትን ተቀብሎ ይዞ ይቀመጣል። የላይኛው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍ፣ የተራራው አፈር ሲሸረሸር፣ ጉዳቱ የሚጠራቀመው ታች ነው። ይህን ሰው ሲያወራው ከመስማት የአንከርካን ዳር ተከትሎ በእግር ወርዶ ማየት ይሻላል። ዝምታ ከፈለግህ ደግሞ ከደሴ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ማይባር አለልህ፤ ትንሽ ሐይቅ ናት፣ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመባት። ኮምቦልቻ ለሚውል ሰው የየጎፍ ተራራ ጥዱና ወይራው ከነጥላው ይጠብቀዋል።

ታሪክ ከወደድህም ሩቅ አትሄድም። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የሰበሰቡበት ቦሩ ሜዳ ከደሴ ደጃፍ ላይ ነው። ከሐይቅ አልፈህ ወደ ውጫሌ ብትዘልቅ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን ታገኛለህ። ዐድዋ ያደረሰን የ17ኛው አንቀጽ ክርክር የተነሣው ከዚያ ሜዳ ነው፤ ተማሪዎቻችን ግን አንቀጹን ሸምድደው ሜዳውን ሳያዩ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የተደራጀው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል። ልቤን የሚያደማኝ ጉዳይ ነው። ሆኖም ከዝርፊያው በፊትም ቢሆን ስንቱ የደሴ ልጅ ገብቶ አይቶት ነበር?

ነገሬ ይህ ነው፦ እነዚህ ቦታዎች የተዘነጉት ርቀው ወይም አንሰው አይደለም፤ እኛው ስለማንሄድባቸው ነው። ሰው የማይረግጠው ቦታ መንገዱ አይጠገንም፣ ደኑ ሲቆረጥ የሚጮህለት አይገኝም፣ የሠፈሩ ወጣትም መንገድ መርቶ የሚያገኘው ገቢ የለውም። ስትሄድ የአካባቢውን ልጅ ይዘህ ሂድ፤ ዋጋውን አስቀድመህ ተስማማ፤ ክፈለው። ዳቦና ሻዩን እዚያው ከሚሸጡት እናት ግዛ። የውኃ ፕላስቲክህን ይዘህ ተመለስ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላለሁ። ከከተማ ከመውጣትህ በፊት የመንገዱን ሰላም በዕለቱ ከዚያ የመጡ ሾፌሮችንና የወረዳውን አስተዳደር ጠይቅ። ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር የሚባል ወሬ አይበቃም። ዛሬ አይሆንም ካሉህ ጦሳም የትም አይሄድም፣ ሌላ እሑድ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ልጆቻቸው ሐይቅ ላይ መዋኘት እንደለመዱ፣ ጎረቤት ግን «በሽታ አለበት» ብሎ እንዳስፈራራቸው ጽፈዋል።

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነታቸውን ነው። በሐይቅ ከተማ አካባቢ በተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራ ቢልሃርዚያ ተገኝቷል። የበሽታው እጭ የሚራባው በዳርቻው ሣርና ቄጠማ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ከእነርሱ ወጥቶ በውኃው ይንሳፈፍና በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። መዋጥ አያስፈልገውም፤ እግር ማስነከር ይበቃዋል። ልጆች የሚጫወቱት ደግሞ እዚያው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ወደ መሀል ይግቡ እንዳልልዎ፣ የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ዋና አውቃለሁ የሚለውንም ይወስዳል።

እስካሁን የዋኙትን ልጆች ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ይህን እንደ ልማድ ምክር አድርገው አይለፉት። ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ጊዜ ስለሚወስድ፣ ከመጨረሻው ዋና በኋላ አንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ቆይቶ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ የተሻለ ያሳያል። በመሀል ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካዩ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ዛሬውኑ ይሂዱ። ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው፤ መጠኑ በልጁ ኪሎ ስለሚወሰን ከፋርማሲ በግምት ገዝተው አይስጡ። ሐይቁን ከወደዱት በታንኳ ያዝናኗቸው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ መንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ ግን አይሳፈሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት እኅት ሴት ሆና ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መግባት ትችል እንደሆነ ጠይቃለች።

መልስ፦ የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም፤ በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም አለ። የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ትልቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የሐይቁ ዳርቻና እይታው ለሁሉም ክፍት ነውና ጉዞሽን አትተዪው።

ጥያቄ፦ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቱን ግሸን ማርያም ሊያደርስ ያሰበ ልጅ ምክር ይፈልጋል።

መልስ፦ ሐኪማቸውን ጠይቅ። ከፈቀደላቸው መስከረም 21ን ተወው። በንግሥ ዕለት ሕዝቡ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሞላ፣ ዳገቱ ላይ አረፍ ልበል ቢሉ እንኳ ማረፊያ አያገኙም። በጥር ወይም በየካቲት፣ መሬቱ ደርቆ መንገዱ ሲቀል፣ ምርኩዝ አስይዘህ ቀስ እያልክ አውጣቸው። በረከቱ በሌላውም ወር አለ።

ጥያቄ፦ አንድ ተማሪ ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋል፤ ውሻውንም ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠይቋል።

መልስ፦ ውሻህን ቤት ተወው። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በእኛው ደጋ ናቸው፤ ከሚፈጇቸው ነገሮች ዋናው ደግሞ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። አንድ የታመመ ውሻ አንድ መንጋ ሊጨርስ ይችላል። ቦታው በመካነ ሰላም በኩል ያለው የቦረና ሳይንት ፓርክ ነው፤ ከደሴ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይሞከርም። ጭላዳና የምኒልክ ድኩላም እዚያ አሉ። መጀመሪያ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አነጋግር፤ ያለ ጠባቂ አትግባ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው በቀን፣ ብቻውን ነውና ራቅ ብለህ በትዕግሥት ተቀመጥ።

ጥያቄ፦ ድሮን ይዤ ብመጣስ?

መልስ፦ ያለ ፈቃድ በፍጹም። ከጉዞህ በፊት ሕጉን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አጣራ።

ጥያቄ፦ ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ለመውጣት ያሰቡ የሥራ ባልደረቦች ምን እንልበስ ብለዋል።

መልስ፦ ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ካላችሁም ጋቢ። ፀሐይ ወጥታም ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ሹራብ ያልያዘ ሰው ካለ ከመኪናው ሳትወርዱ ተዋዋሱ።