ከፋሲካ በኋላ ሦስት ቀን በውሃ ብቻ ልቆይ ወይ ላልሽው

አትቆዪ። ዛሬ ምሳሽን በሰዓቱ ብዪ፤ አንድ እንጀራ በምስር ወጥና በጎመን ይበቃል። መመለሻው ይኸው ነው።

በሳምንት ውስጥ ጨመርኩ ካልሽው 2 ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል፤ ሰውነት የሚያከማቸው እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅንም፣ ማለትም ከምግብ የተጠራቀመ ስኳር፣ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ወደ ለመድሽው ምግብ ስትመለሺ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል።

ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ መብላት ምን ጥፋት አለው? በእኛ በወሎ ደግሞ የፋሲካው ቤት ሙስሊሙን፣ የኢዱ ቤት ክርስቲያኑን ይጠራል፤ በዓሉ እጥፍ ነው። ከጎረቤት ግብዣ አትሽሺ፤ ጥቂት ቀምሰሽ ቡናውን ጠጪ። የሚያስቸግረው በዓለ ሃምሳ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ቅቤና ሥጋው ይቀጥላል። እኔ በእነዚህ ሁለት ቀናት ሆዴ እንዲያርፍ ብዬ ሽሮ እሠራለሁ። ታክሲውንም ትቼ ከደሴ ፒያሳ እስከ ቤቴ ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ ማዕድ አትዝለዪ። አምና ቁርስና ምሳ ትቼ በቡና ብቻ ዋልኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ድስቱን ከፍቼ፣ ቅቤው የረጋበትን ወጥ ሳላሞቅ ቆሜ በላሁት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ራሴን ሆዳም እያልኩ ስሰድብ ሰነበትኩ፤ የጎዳኝ ግን ረሃቡ ነበር። የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ሐኪምሽን ሳታማክሪ ማዕድ መዝለልንም ሆነ በውሃ ብቻ መቆየትን ፈጽሞ አትሞክሪ።