መልስ፦ ከገበያ የወጣ የሞተር ቀለም

ወንድሜ፣ የድሮው ኤክስኤል 125 ሞተር ሳይክል ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ቀይ ቀለም ባሕር ዳር ውስጥ የለም፣ በምን ላስመስለው ላልከው፦

ከላይ የሚታየውን ቀይ ናሙና አታድርገው፤ ፀሐይ በልቶታል። ወንበሩን ፍታና ከሥሩ የተሸፈነውን የሰልባትዮ ጫፍ በኮምፓውንድ (የቀለም ማጽጃ ቅባት) አሽተህ አጽዳ። ትክክለኛው ቀለም እሱ ነው። ፀሐይ ሲነካው ከውስጥ የሚያበራ ከሆነ ሦስት ንብርብር ነው፦ ብርማ መደብ፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ፣ ከዚያ ክሊር (ቀለም አልባው የላይኛው ሽፋን)። ቀለም ቀላቃዮች በአንድ ቆርቆሮ ቀይ ሊያስመስሉት ይሞክራሉ፤ አይመጣም። አሳላፊው ቀይ በየዙሩ እየጠቆረ ስለሚሄድ ቁራጭ ላሜራዎች ላይ 2፣ 3 እና 4 ዙር ነፍተህ ደጅ አውጥተህ ከናሙናው ጋር አስተያይ። በአምፖል የተመረጠ ቀለም ፀሐይ ላይ ይከዳል።

ስቲከሩን ከመላጥህ በፊት በስስ ወረቀት ቅዳው፤ ከጠርዙ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጻፍ። ማስታወቂያ ቤቶች በፕሎተር (በስቲከር መቁረጫ ማሽን) ይቆርጡልሃል።

ክሊሩ የግድ ሃርደነር (ማጠንከሪያ) ያለው ይሁን (ብዙውን ጊዜ 2 ክሊር ለ 1 ሃርደነር ነው፣ ጣሳውን ግን አንብብ)፤ አለዚያ ቤንዚን ስትሞላ የምትፈሰው ጠብታ ታሟሟዋለች። ሲነፋ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ይጎዳል፤ ተራ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ አትንፋ፣ እርጥበቱ ቀለሙን ወተት ያስመስለዋል። በበጋም ጠዋት 3 ሰዓት ግድም፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሻላል። ማታ በመብራት ከሠራህ የጣና ትንኝ እርጥቡ ክሊር ላይ ተለጥፋ ትቀራለች፤ ያኔ ደርቆ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ውጪ መላ የለውም።

ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ፕላስቲክ ስለሆነ መጀመሪያ የፕላስቲክ ፕራይመር (ቀለሙን የሚያስይዝ የመጀመሪያ ቅብ) ይፈልጋል።